ከአራዳ ወደ ወገራ በማይሰማ እግር

ወገራን ያላየ ሰው ብዙ ነው። ጎንደር ተወልዶ ጎንደር የሚሞት የአራዳ ሰው እንኳ ወገራን የሚያውቀው በገብሱና በብርዱ ወሬ ነው። ዛሬ ማኪና ስላለ በግማሽ ቀን መድረስ ይቻላል። እኔ ግን የሄድሁት በእግሬ ነው፤ አራት ቀን ፈጀብኝ፤ የተመለስሁትም እንደ ሄድሁ ሆኜ አይደለም። ጽሑፌ አንዳንድ ቦታ አቤቱታ አቤቱታ ቢሸት አንባቢ ይታገሠኝ። ጣሊያን ከወጣ ጀምሮ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፣ በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርሁ ነኝና እጄ ሌላ አያውቅም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። ሁለት ዓመት ሙሉ ውኃ ብጠጣ አልረካ፣ ብበላ ሥጋ አልይዝ ብዬ፣ ጸበሉንም ሥራሥሩንም ሞክሬ፣ በመጨረሻ ሆስፒታል ገባሁ። ስኳር በሽታ ነው አሉኝ። ዓለሙ የሚባል ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ የሐኪም ረዳት፣ የጎረቤቴ ልጅ ነው፣ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ አስረዳኝ።

«አያ ፈንታ፣ ይህ በሽታ በመድኃኒት ይያዛል እንጂ አይድንም። ኪኒንዎን ይዋጡ፤ ማርና ጠላ ይተዉ፤ በየቀኑ ይራመዱ። እግርዎን ግን እንደ ዓይንዎ ይጠብቁ።»

«ምነው እግሬን?» አልሁት።

መርፌ አውጥቶ አውራ ጣቴን ወጋኝ። ደሙን አየሁ፤ መወጋቴን ግን አላወቅሁም። «ከቁርጭምጭሚትዎ በታች አይሰማዎትም» አለኝ። «እሾህ ቢገባ፣ እሳት ቢለበልብዎ አያውቁም። ከቆሰሉ ደግሞ ቁስሉ እሺ ብሎ አይድንም። እዚያ ጥግ ያሉትን ሰውዬ ያዩዋቸዋል? በእሾህ ነው የጀመራቸው።» ዞሬ አየሁ። ሰውዬው ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች አልነበረም።

ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። ሰባት ወር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ተኛሁ። ባለጉዳይ ቤቴ ድረስ እየመጣ ሞቷል እንዴ ብሎ ይመለሳል፤ እኔም ሞቻለሁ በሉት እላለሁ። ብዕር ማየት ጠላሁ። ሌላው ቀርቶ መቈጣት አቃተኝ፤ እኔን የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንድ ጠዋት ባለቤቴ ይታይሽ የአልጋውን ልብስ ገፈፈችና፣ «ሰው ሳይሞት አይለቀስለትም፤ እኔ ግን እያለቀስሁ ነው። ወይ ሙት፣ ወይ ተነሥ» አለችኝ። በእልህ ተነሣሁ። የሚያነሣ ነገር ሁሉ ቅዱስ አይደለም፤ እኔን ያነሣኝ ንዴት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከቤቴ እስከ ፒያሳው ጥግ ሄጄ ተመለስሁ። ሳምንት ቈይቼ ቀሐ ድረስ ወረድሁ። ሲወርዱት ቀላል፣ ሲወጡት ሞት ነው። ከሁለት ወር በኋላ ቁስቋም ደርሼ እመለስ ጀመር። ልቤ ገና ጨለማ ነበር፤ አሁንም ቢሆን በራልኝ አልልም። ግን ከቁስቋም ስመለስ እህል ይጣፍጠኛል፤ ደግሞም አንድ ቀን አንዱ ጐረምሳ የተበላሸ ማመልከቻ ይዞ ሲያልፍ አየሁና ከእጁ ነጥቄ አረምሁለት። ይታይሽ ይህን ስትሰማ አለቀሰች።

በዚህ መካከል ከወገራ መልእክት መጣ። ታላቅ ወንድሜ አያ ደርሶ፣ አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ፣ ለትምህርት በጀርባው አዝሎ ቁስቋም ከአጎታችን ዘንድ ያደረሰኝ ሰው፣ «ፈንታ ሞቷል ይባላል። እውነት ከሆነ አትደብቁኝ፤ ልቅሶ ልቀመጥ» ብሎ ላከ። ካየሁት ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሄጄ በእግሬ ቆሜ ልታይለት አልሁ። በማኪና ከሄድሁማ የታመመ ሰው ተጭኖ መጣ ይባላል። ደግሞ ከራሴ ጋር ቃል ተጋባሁ፤ በሽታዬን ላልናገር። የማይድን በሽታ አለብኝ ያልሁ ዕለት አያ ደርሶ ልቅሶውን በቁሜ ይጀምረዋል።

ዓለሙ ሲሰማ ተቈጣ። እንደማልመለስለት ባየ ጊዜ ግን ልክ እንደ ዳኛ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠልኝ። ሸራ ጫማ በሁለት ካልሲ፤ ባዶ እግር በጭራሽ፤ በየማታው የእግሬን መዳፍ በትንሽ መስተዋት ማየት፤ ውኃ እግሬን ከመንካቱ በፊት ክርኔን ነክሬ ሙቀቱን መለካት። «አንዲት ቁስል ካዩ በመጀመሪያው ማኪና ይመለሱ» አለኝ። እሺ አልሁ። ኅዳር ነበር።

ሰኞ። ይታይሽ እስከ ከተማው ዳር ሸኘችኝ። በቦርሳዬ ዳቦ ቆሎ፣ ኪኒን፣ መስተዋት፣ ትርፍ ካልሲ አለ። ወለቃን አልፌ ዳገቱን ስጀምር አንድ የጭነት ማኪና አጠገቤ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን አውጥቶ፣ «አባት፣ ይግቡ እንጂ» አለኝ። በእግሬ ነው የምሄደው አልሁት። «ስእለት ነው?» አለ። አዎ ስእለት ነው ብዬ ገላገልሁት። ዘወር ብሎ ለረዳቱ፣ «ጫማ አድርጎ ስእለት የት አለ?» ሲለው ሰማሁ። እውነቱን ነው።

አራዳ ላይ ሰው ቢሄድ የት ትሄዳለህ የሚለው የለም። እዚህ ግን ያገኘሁት ሁሉ ቆሞ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ የማን ወገን ነህ ይላል፤ መልሱን ሳይሰማ ደግሞ አይለቅም። እስከ ቀትር የትውልድ ሐረጌን ቈጥሬ ጨረስሁት። አድካሚ ነው፤ ግን ለሰባት ወር ማንም አንዳች ሳይጠይቀኝ ኖሬ ነበርና ቅር አላለኝም። የቁስቋምን ደርሶ መልስ ሦስት ጊዜ ያህል እንደ ሄድሁ ፀሐይ አዘቀዘቀችና ከመንገዱ በላይ ያለች አንዲት ጎጆ አጥር ላይ ቆሜ የመሸበት እንግዳ ነኝ አልሁ።

ባለቤቱ አያ ገብሬ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። «ቤት ለእንግዳ» ብለው አስገቡኝ። ባለቤታቸው የእግር ውኃ በገበቴ አመጡ። እጅጌዬን ሰብስቤ ክርኔን ነከርሁ። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩኝ፤ «ምነው? ውኃዬ ምን ሆነ?» አሉ። ልማድ ነው አልሁ። ምን ዓይነት ልማድ ነው ለማለት ጨዋነታቸው አልፈቀደም፤ ግን ፊታቸው ጠቈረ። ታጥቤ ስጨርስ ደግሞ መስተዋቴን አውጥቼ በምድጃው ብርሃን የውስጥ እግሬን አየሁ።

አያ ገብሬ ጥቂት ቈይተው ተጠጉኝ። «ጌታው፣ ደብተራ ነዎት?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«አይደለሁም። እግሬን ነው የማየው።»

«ይሁን፤ አልጠየቅሁም። ብቻ ያችን መስተዋት ለእኔም ቢመለከቱልኝ። ዳልቻ በሬ ጠፍቶብኛል፤ ሳምንት ሆነው።»

ብምል ብገዘት የሚያምነኝ አጣሁ። ጠዋትም ስወጣ አጥር ድረስ ተከትለው፣ «ወደ ምሥራቅ ነው ወይስ ወደ ምዕራብ?» አሉኝ። ተናድጄ ነበርና፣ «ውኃ ጠምቶት ወደ ወንዝ ወርዷል» አልሁና ሄድሁ። ለነገሩ ደግ ቤት ነበር። ጠላ አልጠጣም ስላቸው ቅር ቢላቸውም ከገዛ ድርሻቸው ባቄላ ቆልተው ለመንገዴ ጨመሩልኝ።

ማክሰኞ። እስከ ኮሶዬ ዳገት ብቻ ነው። ከኮሶዬ ገደል ላይ ሆነው ቆላውን የሚያዩ ሰዎች ይደነቃሉ ይባላል። እኔ ያየሁት ከፊቴ ያለውን ድንጋይ ነው። እግሬ የት እንደሚያርፍ ስለማይነግረኝ ዓይኔ የእግሬ ባሪያ ሆኗል። በዚያ ላይ ጉም ወርዶ ሸፈነኝና አንዲት ጅረት ስሻገር ተንሸራትቼ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። በአራዳ ብርድ ማለት ጋቢ ደረብ የሚያስደርግ ነገር ነው። የኮሶዬ ብርድ ግን ጋቢውን ጠይቆ አይገባም። ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ አንድ የቄስ ቤት ደረስሁ።

የቄሱ ሚስት እርጥብ ጫማዬን ወስደው እሳት ዳር አኖሩልኝ። ይደርቅልሃል ብለው ነው። እኔም ደክሞኝ አላየሁም። ሲያነሡት የአንዱ ጎማ ቀልጦ ተጣሟል። እሳቸው ከእኔ ይበልጥ ደነገጡ፤ እግሬ ላይ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው። ተዉ እታለም፣ ጫማ ነው አልሁ። የበግ ጠጕር አምጥተው የተጣመመውን ውስጡን ሞሉልኝ፤ በልብስ መስፊያ መርፌ ጠርዙን ሰፉት። አራዳ ያለ ጫማ ሰፊ እንዲህ አድርጎ አይሠራውም።

ረቡዕ። የጾም ቀን ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የለም። ኪኒኔን ግን ጠዋት መዋጥ አለብኝ። ከቤቱ ጀርባ ተደብቄ በእፍኜ ውኃ ቀድቼ ስውጥ ቄሱ ደረሱ።

«መድኃኒት ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባ። ቁርጥማት ነገር አለብኝ።»

«መድኃኒት ጾም አያስፈታም፤ ሐሰት ግን ያስፈታል» አሉኝ። በምን እንዳወቁብኝ እንጃ። ምናልባት ቁርጥማት ያለበት ሰው እንደ እኔ ዳገት አይወጣ ይሆናል። ፊቴ ጋለ፤ ግን አልተናገርሁም። መርቀው ሸኙኝ። ያን ቀን እስከ አምባ ጊዮርጊስ ሜዳ ሜዳውን ስሄድ ንግግራቸው እንደ ዝንብ ተከተለኝ። ሁለት ጊዜ ከአጥር ጀርባ ቁጭ ብዬ እግሬን በመስተዋት አየሁ። የተጣመመው ጫማ አልላጠኝም። የቄሱ ሚስት እጃቸው ይባረክ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገብሱ ታጭዶ ነዶው ሜዳ ላይ ተከምሮ፣ ነፋሱ ከፊቴ እየመጣ ስሄድ፣ ደስ አለኝ። ምክንያት አልነበረውም። በሽታዬ አለ፤ ነገም አለ፤ እስክሞት አለ። ግን በሰባት ወር ውስጥ የሞተ የመሰለኝ ሰውዬ አጠገቤ እየተራመደ ነበር። በአምባ ጊዮርጊስ ያደርሁበትን ቤት አሁን በደንብ አላስታውሰውም፤ ያቺን ሰዓት ግን አልረሳትም።

ሐሙስ። ከአምባ ጊዮርጊስ ከዋናው መንገድ ወጥቼ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ሄድሁ። አያ ደርሶ አውድማ ላይ ነበር። ከሩቅ አየኝ፤ መንሹን ጣለ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። ደርሼ ጉልበቱን ስይዝ ቀና አድርጎ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘና፣ «አንተ ነህ?» አለኝ። «እኔ ነኝ» አልሁት። «በምን መጣህ?» «በእግሬ።» ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰው። ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ነው፤ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር።

ቤት ስንገባ ጎረቤቱ ሞላ። ሞቷል የተባለ ሰው በእግሩ መጣ ሲባል ማን ይቀራል። አሁን የቤታችንን ልማድ መናገር አለብኝ። በእኛ ቤት እንግዳ ሲታጠብ በገበቴው ውስጥ ያለው ውኃ ለብ ያለ ነው፤ አጠገቡ ደግሞ የፈላ ውኃ በእንስራ ይቀመጣል። አጣቢው ከእንስራው በቅል እየቀዳ ይጨምራል፤ ተጣቢው «በቃ» እስኪል ድረስ። ቶሎ በቃ የሚል ሰው ቤቱን እንደ ናቀ ይቈጠራል፤ እንግዳ የብርድና የመንገድ ድካሙ እስኪወጣለት ችሎ ይቀመጣል። አባታችንም፣ አያታችንም እንግዳ ያጠቡት እንዲህ ነው።

ሚስቱ እታለም ብርቄ ልታጥበኝ ስትጐነበስ አያ ደርሶ ከለከላት። «የዛሬውን እኔ ነኝ የማጥበው። አራት ቀን በእግሩ መጥቶልኛል» አለ። ከዚያ ያ ሽማግሌ፣ ያሳደገኝ ሰው፣ እግሬ ሥር ተንበረከከ።

ክርኔ ትዝ አለኝ። የዓለሙም ንግግር ትዝ አለኝ። እጅጌዬን ልሰበስብ ሁሉ ጀምሬ ነበር። ነገር ግን የአያ ገብሬ ሚስት ፊት ታየኝ፤ ቤት ሙሉ ሰው ያየኛል፤ ታላቅ ወንድሜ ተንበርክኮ ሳለ ውኃውን እንደ ተጠራጠርሁ ሆኜ ክርኔን እነክራለሁ? አፈርሁ። እውነቱ ይኸው ነው፤ ሌላ ሰበብ የለውም።

«ሞቀህ?» አለኝ።

«ሸጋ ነው» አልሁት።

ጨመረ። እኔ ከላይ ሆኜ የማየው ሽበቱን ብቻ ነው። እንደገና ጨመረ። እጁ ዕድሜ ልኩን እርፍ ሲጨብጥ የኖረ ነውና ሙቀት አይፈራም። «አሁንስ?» «ሸጋ ነው አያ።» ወደ ሰዉ ዞሮ ሳቀ፤ «አራዳ ቢቀመጥም ቆዳው የወገራ ነው። አዩት ሲችል?» አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ግራ እግሬ ሥር ሌላ ቅል ሙሉ ገለበጠ። በመጨረሻ ታላቄ እግሬ ሥር ተንበርክኮ መቈየቱ አሳፈረኝና በቃ አልሁ፤ እንጂ ሞቆኝ አይደለም። ያን ማታ መስተዋቴን ከቦርሳዬ አላወጣሁም። ከታመምሁ ወዲህ እንደዚያ ማታ ደስ ብሎኝ ተኝቼ አላውቅም።

ዓርብ። ጠዋት የግራ ካልሲዬን ስስብ ቆዳዬ አብሮ መጣ። የትንሿ ጣቴና የቀጣይዋ ዙሪያ ተገሽልጧል፤ የእግሬ ጎን በሙሉ ውኃ ቋጥሯል። ቀኙም ቀልቷል። አንዳች አላመመኝም። ካልሲውን እንደ ያዝሁ ተቀምጬ ቀረሁ። ያ የሆስፒታሉ ሰውዬ፣ ከጉልበቱ በታች ባዶ የሆነው ልብሱ፣ ዓይኔ ላይ ተቀመጠ። ለመደበቅ ስሞክር አያ ደርሶ ከበሩ ቆሞ እያየኝ ነበር።

«ምንድነው እሱ?» አለ።

ነገርሁት። ሁሉንም፣ ከመርፌው ጀምሮ። ቆሞ ሰማኝ።

«ትናንት ሞቀህ ብልህ ሸጋ ነው አልኸኝ።»

«አልተሰማኝም፣ አያ።»

«ምነው አልነገርኸኝ?»

«አፍሬ ነው።»

አልተቈጣም። ቢቈጣኝ እወድ ነበር። ወጥቶ አጥሩ ሥር ቁጭ አለና መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ አንዷ ቅቤ፣ አንዱ ማር፣ አንዱ አመድ ይቀባ አለ። ሁሉንም እምቢ አልሁ። ትናንት የወንድሜን ውኃ እምቢ ማለት ያቃተኝ ሰው ዛሬ ሰፈር ሙሉ መድኃኒት እምቢ ስል በራሴ ተናደድሁ። እታለም ብርቄ አዲስ ነጠላዋን ቀድዳ እግሬን ጠቀለለችልኝ። በቅሎ ተጫነ፤ አያ ደርሶ ልጓሙን ይዞ ከፊት ሄደ። እስከ አምባ ጊዮርጊስ ልጓሙን ከእጁ አልለቀቀም። የዚያን ቀን ማኪና አልነበረም።

ቅዳሜ። ከደባርቅ የመጣ የጭነት ማኪና አገኘን። አያ ደርሶ ማኪና ላይ ወጥቶ አያውቅም። እህል ጆንያ ላይ ተቀመጠና እግሬን አንሥቶ ታፋው ላይ አኖረው፤ እንዳይንገጫገጭ። በእያንዳንዱ ጉድጓድ እጁ እግሬን ከአየር ይቀበለው ነበር። አራት ቀን የሄድሁት መንገድ በጥቂት ሰዓት ወደ ኋላ ሄደ፤ ሜዳው፣ ነዶው፣ ኮሶዬ። አንድ ቦታ ሾፌሩ ለሞተሩ ውኃ ሊያስቀዳ ቆመ። ማን ቢመጣ ደግ ነው? አያ ገብሬ ከመንገዱ በላይ ካለችው ጎጆአቸው እየሮጡ ደረሱ።

«ጌታው! ዳልቻዬ ተገኘ። ወንዝ ውስጥ፣ እንዳሉት።» የማር ቅል ጭኔ ላይ አኖሩ። «ደብተራ አይደለሁም ብለው ሊያታልሉኝ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አንድ ዓመት የምስቅበት ነገር ነው። አያ ደርሶ ማሩንም ሰውዬውንም አይቶ እንደገና ወደ እግሬ አቀረቀረ። ለበሬያቸው እንኳን ደስ አለዎ አልሁ። የማልበላውን ማር ታቅፌ ጎንደር ገባሁ።

ዓለሙ ጨርቁን ፈትቶ ሲያይ አልገሠጸኝም፤ ያን ጊዜ ነው በእውነት የፈራሁት። ቀኙ እየዋለ እያደረ ዳነ። ግራው ግን ጠቈረ። በሦስተኛው ሳምንት ሐኪሙ ሁለቱን ጣቶች ቈረጠ። እግሩን እናተርፈው ይሆናል አሉ እንጂ እናተርፈዋለን አላሉም። አያ ደርሶ እርሻውን ጥሎ በየቀኑ ከሆስፒታሉ በር ፊት ይቀመጥ ነበር። እስከ ገና ጠበቀ። እግሬ ተረፈ ባሉት ቀን የዓለሙን እጅ ስሞ፣ ማኪና እምቢ ብሎ፣ በእግሩ ወደ ወገራ ሄደ።

እኔ እንደገና ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። አንባቢን አላታልልም፤ ያቺ የወገራ ደስታ ተመልሳ አልመጣችም። ይታይሽ በዚህ ጊዜ አልተቈጣችም፤ ዱላ ገዝታ አልጋዬ ራስጌ አስደገፈች። በየካቲት መጨረሻ ተነሣሁ። ፒያሳው ጥግ፣ ከዚያ ቀሐ፣ ከዚያ ቁስቋም፤ ሁሉንም እንደ አዲስ ጀመርሁ። ከበፊቱ እጥፍ ጊዜ ይወስድብኛል፤ ሁለት ትንንሽ ጣቶች ይህን ያህል ሥራ እንዳላቸው አላውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት መነሣት አልወድም። ግን እነሣለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን በረንዳዬ ላይ ሳለሁ ከወገራ አንድ ባለጉዳይ መጣ። የወንድሜ ጎረቤት ነው። ስለ መሬት ክርክሩ ከጻፍሁለት በኋላ እንደ ዘበት፣ «አያ ደርሶ ምን ሆነ?» አለኝ። «እንግዳ ማጠብ ተወ። ውኃ ማሞቅ በቤቱ ክልክል ነው። እንግዳ በአቧራው ይተኛል። ሰው ቆጥቋጣ ሆነ እያለው ነው።»

ከፋሲካ በኋላ ሄድሁ። እስከ አምባ ጊዮርጊስ በማኪና፣ ከዚያ በእግሬ። አያ ደርሶ ከስቷል። መደቡ ላይ አስቀመጠኝ፤ እህል ቀረበ፤ የእግር ውኃ የሚል ሰው ግን የለም። እታለም ብርቄ መሬት መሬት ታያለች። ጫማዬን አወለቅሁ፤ ካልሲዬን አወለቅሁ፤ ሦስት ጣት የቀረውን እግር መሬት ላይ አኖርሁት።

«አያ፣ እጠበኝ» አልሁት።

«አላጥብም።»

«መንገደኛ ነኝ። የአባታችን ቤት ነው።»

የቀሩትን ጣቶቼን አንድ በአንድ አየ። ከዚያ ውኃ ይሙቅ አለ። ገበቴው ሲመጣ እጅጌውን እስከ ላይ ሰብስቦ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ነከረና እዚያው አቆየው። እንፋሎቱ ቀጠነ፤ ጠፋ። በቃ ለብ ብሏል አለችው ሚስቱ። አልሰማትም። ውኃው እንደ ወገራ ምንጭ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ክንዱን አላወጣም። ከዚያ እግሬን ማጠብ ጀመረ። ብርዱን እኔ አላወቅሁትም፤ የእሱ እጅ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።